አንድ ሙሉ ደቂቃ



ስለ ነርስ ትምህርት ቤት ዘመኔ እንድነግራችሁ በተጠየቅሁ ጊዜ ከቤት ይዤ የወጣሁት አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ይኸው፣ የእጅ ሰዓት። ማሰሪያው ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ መስታወቱም ተጭሯል። ሰከንድ ቆጣሪዋ ግን ዛሬም ትዞራለች። በ1979 ዓ.ም. የመግቢያውን ፈተና አልፌ «ይዛችሁ ቅረቡ» የተባልነው ዕቃ ዝርዝር ሲደርሰኝ፣ ከሁለት አንሶላና ከጥቁር ሽፍን ጫማ ቀጥሎ «ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት» የሚል ተጽፎበት ነበር። አባቴ ገበሬ ነበር። ሁለት በግ ነድቶ ገበያ ወረደና ሰዓቱን ይዞልኝ መጣ። እጄ ላይ እያሰረልኝ «ሰዓቱስ ይሁን፤ ሰከንዱ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

በየሰፈራችን «ነርስ ምን ትሠራለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ «መርፌ ትወጋለች» ትባላላችሁ። እውነት ነው፣ እንወጋለን። መርፌ ግን ከትምህርታችን ሁሉ ቀላሉ ነበር። መጀመሪያ ብርቱካን ላይ ተለማመድን፤ ከዚያ የተጣራ ውሃ ይዘን እርስ በርሳችን ተወጋጋን፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጃችን ቀና። የቀረውን ጊዜ ሁሉ የፈጀብን ሌላ ነገር ነው፤ የታመመን ሰው ማየት። ማየት ከእናታችን ሆድ ይዘነው የወጣን ይመስለን ነበር። እንደማናውቅበት የገባን እዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በሽተኛ አልነካንም። በመለማመጃው ክፍል ስድስት አልጋ ነበር፤ አንደኛው ላይ ቀለሙ የለቀቀ አሻንጉሊት በሽተኛ ተኝቷል። ከጠዋት እስከ ቀትር አልጋ እናነጥፋለን። የአንሶላው ማዕዘን እንደ ፖስታ ታጥፎ ይወጠራል፤ መምህርታችን መዳፋቸውን ከራስጌ እስከ ግርጌ ያሳልፉበታል፤ አንዲት ሽብሽብ ካገኙ ሁሉንም ይገፉትና «እንደገና» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። አንዳንዶቻችን ማታ መኝታችን ውስጥ ገብተን አልቅሰናል፤ ለዚህ ነው ከቤት የወጣነው ብለን።

አንድ ቀን አንሶላውን ሆን ብለው ሸብሸብ አድርገው ተራ በተራ አስተኙን። ትእዛዙ አንድ ሰዓት ሙሉ አለመንቀሳቀስ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወገቤ ሥር ያለችው ሽብሽብ ገመድ ሆነች፤ ቆይታ እሳት ሆነች። ስነሣ ቆዳዬ ላይ ቀይ ሰንበር አውጥታ ነበር። ያን ጊዜ ነው የነገሩን። ወገቡ የማይታዘዝለት ሰው፣ ራሱን የሳተ ሰው፣ እንደኛ አይነሣም። አጥንቱ የተጫነው ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ቆዳው ይሞታል፤ ያ ነው የአልጋ ቁስል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይለወጣል፤ ሲለወጥም ተረከዙ፣ ዳሌው፣ መቀመጫው፣ የጆሮው ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አልጋ ማንጠፍ ያጉረመረመ አላስታውስም።

መኝታ ክፍላችን አሥራ ሁለት ልጃገረዶች ነበርንበት፤ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከሲዳሞ የመጣን። ወንዶቹ ግቢው ማዶ ነበሩ፤ ከክፍላችን ሲሶ ይሆናሉ። ቀሚሳችንን በአሚዶ እየነከርን በከሰል ካውያ እንተኩሳለን። ከእራት በኋላ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ለነገ የሚሆን ጎዝ እናጥፋለን፤ ጥጥ እናድበለብላለን። ያን ጊዜ ዛሬ እንደምታዩት ታሽጎ የሚመጣ ነገር ብዙ አልነበረም። ሲሪንጁ የመስታወት ነው፤ ተቀቅሎ ተመልሶ ይሠራል። ጎዙ በብረት ድረም ተሞልቶ በእንፋሎት ከጀርም ይጸዳል። ጎዝ ሲታጠፍ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ የላላው ክር ቁስል ውስጥ ይቀራል። እያወራን፣ እየዘፈንን፣ አንዷ የሰፈሯን ተረት እያመጣች እጃችን ያንን ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲመልስ ይመሻል። ዛሬም ናፕኪን ሳጥፍ እጄ ሳላዘው ጠርዙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ነርስ እንድሆን ሁሉም ሰው አልወደደም። አክስቴ እናቴን «የባዕድ ገላ የምታጥብ ልጅ ማን ያገባታል?» ብላ አስለቅሳታለች። እኔ በዚያ ጊዜ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ስሰማ ግን ለእናቴ ደብዳቤ ጽፌ ላክሁላት፤ ታናሽ ወንድሜ አነበበላት።

ታሪኩን ታውቁት ይሆናል። ጣሊያን አገራችንን ሲወር የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት አገር ነርስነት ለመማር ገባች። በለንደን ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስ ሆነች፤ ከዚያም ጋይስ በተባለው ሆስፒታል ሥልጠናዋን ቀጠለች። ጊዜው የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን የሚደበድቡበት ነበር። ከነጻነት በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ አገባች፤ ባሏ ወደ ተሾመበት ወደ ለቀምት ሄደች። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት እዚያው አረፈች። ዕድሜዋ 22 ነበር። ለንደን ድረስ ሄዳ የተማረች ነርስ፣ የንጉሥ ልጅ፣ ምጥ በያዛት ሰዓት አጠገቧ የሚበቃ ሕክምና አልነበረም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይደማል፤ እሷን የገደላት በዚያ ዘመን ስማቸውን የማናውቃቸውን ስንት ሴቶች ገድሏል።

ስሟ ግን ሥራ ሠራ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰበች፤ በ1951 እ.ኤ.አ. የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቀይ መስቀል ማኅበር ዛሬ የካቲት 12 በምንለው ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ከእነዚህ በፊት በየጤና ጣቢያው ቁስል አጥቦ የሚያስር «ድሬሰር» ነበር፤ የቀድሞ ሰዎች ሐኪም የሚሉት እሱን ነበር፤ ውለታው ብዙ ነው።

በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እዚያው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ መጡ። ለሦስት ዓመት የመጡ ሰዎች ናቸው። በምጥ ብዛት የተጎዱ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተለዩ ሴቶችን ሲያዩ ቀሩ። የፊስቱላ ሆስፒታል ከዚያ ተወለደ። ማሚቱ ጋሼም ወደነሱ የመጣችው በሽተኛ ሆና ነው። ከዳነች በኋላ አልሄደችም፤ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ ማገዝ ጀመረች፤ እጃቸውን እያየች ተማረች፤ በመጨረሻም ራሷ ቀዶ ሐኪም ሆነች። የሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ተማሪዎቼ መጽሐፉ ከበደን ሲሉኝ ስለ ማሚቱ እነግራቸዋለሁ፤ መጽሐፉ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ መጽሐፍ የማይሰጠው ዐይን እንዳለ እንዲያውቁ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመልሳችሁ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ትምህርት ቤቷን ከመክፈቷ ጥቂት ቀደም ብላ ስለ ነርስነት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትማ ነበር። መጽሐፏ በሽተኛን ስለ ማስተዋል ብቻ የሚናገር ምዕራፍ አለው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከቁስሉ ይልቅ በሽታው የበለጠ ወታደር ሲፈጅ ያየች ሴት ናት፤ ቁጥር ትወድ ነበር፤ የቆጠረችውንም በሥዕል አድርጋ ለመንግሥት ታሳይ ነበር። እኛም ትምህርት ቤት አራት ነገር መቁጠርና መለካት ተማርን። ሙቀት፣ የልብ ትርታ፣ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ። ለሦስቱ መሣሪያ ወይም ጣት አለ። ለትንፋሽ ያለው ዐይንና ሰዓት ነው።

ትንፋሽ ሲቆጠር ደግሞ በሽተኛው ማወቅ የለበትም። ትንፋሽህን ልቁጠር የተባለ ሰው አተነፋፈሱ ይለወጥበታል፤ እናንተም አሁን ይህን ስናገር የራሳችሁን ትንፋሽ ሳታዳምጡ አልቀራችሁም። ስለዚህ ዘዴው እንዲህ ነው። የእጁን አንጓ ይዘሽ ትርታውን ትቆጥሪያለሽ። ስትጨርሺ እጁን አትለቂውም። ጣትሽ እዚያው ሆኖ ዐይንሽ ወደ ደረቱ ይሄዳል፤ ሲነሣ ሲወርድ አንድ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ። «ሠላሳ ሰከንድ ቆጥረን በሁለት ብናባዛስ?» ብለን ጠየቅን። መምህርታችን «የታመመ ሰው ትንፋሽ እኩል አይሄድም፤ የዘለላችሁት ግማሽ ውስጥ ቢያቆምስ?» አሉን። ሠላሳ በሽተኛ ባለበት ዋርድ ይህ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሌሊት ተረኛ ሆንኩ። ሌሊቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይጀምራል፤ ጎረምሳውም አሮጊቷም ሲቃዡ፣ ኩራዝ ይዘሽ በአልጋ መካከል ስትሄጂ፣ ፖፖ ስታቀብዪ፣ ስታጥቢ፣ መድኃኒት ስታድዪ ይነጋል። ሁለት ተማሪዎችና አንዲት ነርስ ነበርን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እነዚያን አራት ልኬቶች፣ ቫይታል ሳይን የምንላቸውን፣ ለመውሰድ ዞርኩ። ሙቀቱን ለካሁ፤ ትርታውን ቆጠርኩ። ትንፋሹን ግን አልቆጠርኩም። ከመጀመሪያው አልጋ እስከ መጨረሻው ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ብዬ ጻፍሁ። የጤነኛ ትልቅ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ ሃያን የሚጠይቅ የለም። ደክሞኝ ነበር ብዬ ላስተባብል አልመጣሁም። ሰው ሁሉ ደክሞት ነበር።

ከመስኮቱ ሥር ያሉት እማማ ለልብ ድካም የተኙ ነበሩ። የልጃቸው ሚስት ነጠላዋን ተከናንባ ከአልጋው ሥር ወለል ላይ ትተኛለች። ሲነጋጋ ተከትላኝ መጣችና «ልጄ፣ እናቴን እይልኝ፤ ከማታ ጀምሮ ቃል አይጨርሱም፤ ትራስ ጨምሪ ብለው ጋቢዬን አጥፌ ደገፍኳቸው» አለችኝ። «አሁን አይቻቸዋለሁ፤ ደኅና ናቸው» አልኳት። እንዲህ አልኳት።

የጠዋቱ ርክክብ ላይ መምህርታችን መጡ። ሴትዮዋ እሳቸውንም ይዛ ነገረቻቸው። ቻርቱን አነሡና «አንብቢልኝ» አሉኝ። «ትንፋሽ፣ ሃያ» አልኩ። «ቁጠሪ» አሉኝ። ይህንን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት። እማማ ቁጭ ብለው አንገታቸው ሥር ያለው ጉድጓድ በየትንፋሹ ይሰረጉዳል፤ ከናፍራቸው ጠቁሯል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሆነው አጠገባቸው ሄጃለሁ፤ እጃቸውን ይዣለሁ፤ አላየኋቸውም።

ኦክስጅኑ እየተንከባለለ መጣ፤ ዶክተሩ ተጠራ፤ ላሲክስ ተወጉ። ሳምባቸው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያወጣ መድኃኒት ነው። ረፋዱ ላይ «ልጆቼ» የሚል ሙሉ ቃል ወጣቸው። መምህርታችን አልጮኹብኝም። ቻርቱን ሰጡኝና «ሠላሳ ስምንት ብለሽ ጻፊ። ሃያውን በአንድ መስመር ብቻ ሰርዢው፤ እንዲነበብ ይቅር፤ አጠገቡ ፈርሚ» አሉኝ። ቻርት ላይ ስሕተት እንዲህ ነው የሚታረመው፤ አይፋቅም፣ አይደለዝም። ያቺ ሃያ ከነፊርማዬ እማማ ከዋርድ እስኪወጡ ድረስ አልጋቸው ግርጌ ተንጠልጥላ ከረመች። ሲወጡ ጉንጬን ስመው መረቁኝ። የልጃቸው ሚስት «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ዛሬ ባገኛት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

በኋላ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ስለ እሷ ብዙ አሰብኩ። ነርስ የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ነው። የራሳችን ቃል አስታማሚ ነው፤ ከመታመም የወጣ ቃል። አስታማሚ ከገጠር በሽተኛዋን ተሸክማ ትመጣለች፤ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመላለሳለች፤ ወለል ላይ ትተኛለች፤ ታገላብጣለች። ከውጭ በመጡት መጽሐፎቻችን ውስጥ ስለ እሷ አንድ ምዕራፍ አልነበረም፤ ጠዋት የሐኪሞች ራውንድ ሲጀመር «አስታማሚ ይውጣ!» ተብሎ በር ይዘጋባታል። መጨናነቅ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ያየችው እሷ ናት፤ ያየችውንም የሚጠይቃት የለም። ተማሪዎቼን ከማስወጣታቸው በፊት አንዲት ጥያቄ እንዲጠይቁ አስተምሬያቸዋለሁ፤ «ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ?» እናንተም አስታማሚ ሆናችሁ ስትገቡ ባትጠየቁም ተናገሩ። «ቃል አይጨርሱም» ትልቅ የሕክምና ቃል ነው። «ደኅና ናቸው» ብትባሉም እንደዚያች ሴት ሌላ ሰው ይዛችሁ ንገሩ።

ዛሬ የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፤ አንድ አልጋ ዙሪያ አሥርና አሥራ አምስት ሆነው ይቆማሉ፤ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው። ይህ ያሳስበኛል። መሣሪያው ግን ተሻሽሏል፤ ደስ ይለኛል። ጣት ላይ የምትሰካው ትንሽ መሣሪያ የደሙን ኦክስጅንና ትርታውን ወዲያው ታሳያለች። ትንፋሽ ግን በብዙ ዋርዶቻችን አሁንም በዐይን ነው የሚቆጠረው፤ ሳይቆጠር የሚጻፈውም እሱ ነው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ በሠለጠኑት አገሮች ሆስፒታሎችም የሚታወቅ ድካም ነው።

ከመቀመጤ በፊት ይህን ቆጠራ ለእናንተም ልስጣችሁ፤ ለነርስ ብቻ የተሰጠ አይደለምና። የሚያስል ወይም የሚያተኩሰው ሕፃን ቤታችሁ ካለ፣ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት ሸሚዙን ገለጥ አድርጉና ሆዱንና ደረቱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፈጣን ነው፤ የሳምባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። አየር ሲያስገባ ከጎድኑ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የማይነቃ ከሆነ ግን ቆጠራም አያስፈልግም፤ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁ ውጡ።

በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠችውን እናት ቅድም አስፈቅጃታለሁ። የስምንት ወር ልጇ ታቅፋው ተኝቷል፤ ጤነኛ ነው። ነጠላውን ገለጥ አድርጊልን እስቲ፣ እሰይ። ሰከንድ ያለው ሰዓት የያዘ ይያዝ፤ ስልክም ይሆናል። ከፊት ያላችሁ ዝቅ በሉ፣ ከኋላ ያሉት ይዩ። እኔ የአባቴን ሰዓት ይዣለሁ። ሰከንድ ቆጣሪዋ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ እንጀምራለን። ጀምሩ።

(አዳራሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም አለ።)

ይብቃ። ስንት አላችሁ?

እኔም ሠላሳ አራት።